ረባሹን ልጅ ማን አየው?

 

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አስተማሪና ስለ ተማሪ ነው። «እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች ስለ አስተማሪ ምን አገባን?» የምትል አትጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ። አብዛኞቻችን ወይ እናቶች ነን፣ ወይ ታላቅ እህቶች ነን። እኛ በላክነው ሐዋላ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛለት ልጅ ወይም ወንድም አገር ቤት አለን። እዚህ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንውለው ከሰው ልጆች ጋር ነው፤ እናበላለን፣ እናለብሳለን፣ እናስተኛለን። ስለዚህ ልጅን የማየት ነገር ከማንም በላይ እኛን ያገባናል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ልጅ ጭንቅላቱ ክፍት ሆኖ፣ ግን አልቀመጥ ባይና ረባሽ ቢሆን፣ አንድ ቀን ደግሞ ከወትሮው የተለየ ጠባይ ቢያሳይ፣ አስተማሪው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ምንድን ነው? መቅጣት ነው ወይስ ማየት? ደግሞስ ያየውን ካየ በኋላ እስከ ምን ድረስ መሄድ ይገባዋል? የልጁ አሳዳጊ «አይሆንም» ቢልስ?

ረባሽ ስንል ምን ማለታችን ነው?

እኛ ያደግነው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል እየሰማን ነው። ልጅ አንድ ነገር አውቆ ሲናገር ደግሞ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ተብሎ ይሳቅበታል። ተረቱ ጥሩ ቦታ አለው፣ አልጠላውም። ግን ጆሯችንን ቶሎ ዝም ለማሰኘት አስለምዶታል። ልጁ ለምን እንደሚረብሽ ከመጠየቃችን በፊት «አርፈህ ተቀመጥ!» ማለት ይቀናናል።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ልጆች ይረብሻሉ እንበል። አንደኛው የሚረብሸው የተሰጠውን የሒሳብ ጥያቄ ሌሎቹ ገና ሳይጀምሩ ጨርሶ ስለተቀመጠ ነው፤ እጁም አፉም ሥራ ፈትቷል። ሁለተኛው ሳይበላ የመጣ ነው፤ ሲርበው ይነጫነጫል፣ የጎረቤቱን እርሳስ ይነጥቃል። ሦስተኛዋ ሆዷ ውስጥ የያዘችው ነገር አለ፤ ወይ እናቷ ሩቅ ናት፣ ወይ ቤት ውስጥ ጠብ አለ፤ ለሰው መንገር ስላልቻለች ትማታለች። አራተኛው ደግሞ በቃ ባለጌ ነው። ደካማ እያየ የሚመታ፣ ሥርዓት የሚያስፈልገው ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የለም ብዬ አልዋሻችሁም።

ከውጭ ሲታዩ ግን አራቱም አንድ ናቸው። ጫጫታ! አርጩሜውም ለአራቱም አንድ ነው። አንዱን ምናልባት ያስተካክለው ይሆናል። ሦስቱን ግን ያላጠፉትን ይቀጣል፣ የቸገራቸውንም ነገር ሳያገኘው ይቀራል። መርፌ የሚወጋ ሐኪም እንኳ መጀመሪያ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ይላል እኮ!

እዚህ ላይ ያለፈውን ዘመን ማንሳት ጥሩ ነው። ድሮ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ፣ ወይም ሸኹ ዘንድ ሉሕ ይዞ የቀራ ሰው ያውቀዋል። ልጆቹ አንድ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ ትምህርታቸው አንድ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይጮኻል፤ ሲያውቀው ቀርቦ ያሰማና ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ፈጣኑ ልጅ ዘገምተኛውን አይጠብቅም። ቀድሞ የሄደው ደግሞ ኋላ ያለውን እንዲያስጠና ይደረጋል። አለንጋው አልነበረም አልልም፤ ነበረ፣ ብዙዎቻችን ምልክቱ አለብን። ነገር ግን ጎበዝ ልጅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ያን ያህል አልነበረም። አሁን ባለው ክፍል ስልሳና ሰባ ልጅ አንድ ገጽ ላይ ይቀመጣል። መምህሩ ቢደክም አልፈርድበትም። ግን የደከመ ዐይን ሁሉንም ጫጫታ አንድ አድርጎ እንደሚያይ ማወቅ አለብን።

ወሊሶ ላይ የሆነው

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን ሁላችንም በድምፁ የምናውቀው ሰው ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ። ልብስ ስንተኩስ፣ ሳህን ስናጥብ፣ አገራችን ሲናፍቀን ዘፈኑን ያልከፈተ ማን አለ?

ጥላሁን በ1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወለደ። ልጅ ሳለ ወደ ወሊሶ ተወስዶ አያቱ ዘንድ ኖረ፣ እዚያም ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። ይህችን ነገር አደራ ያዙልኝ፦ ያደገው አያቱ ዘንድ ነው። የብዙዎቻችንም ልጆች ዛሬ ያሉት አያቶቻቸው ዘንድ ነው።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ልጁ ልቡ ያለው ከዜማው ላይ ነበር። አያቱ ደግሞ «ትምህርትህን ተማር» ይሉታል፤ ይቆጡታል። በአያቱ ዐይን ስናየው ይህ ልጅ አስቸጋሪ ነው። ደብተሩን ትቶ ያንጎራጉራል። በዚያ ዘመን ደግሞ ዘፋኝነት የተከበረ ሥራ አልነበረም፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይወረወር ነበር። አያትየው የልጅ ልጃቸው ተምሮ ሰው እንዲሆን ፈለጉ። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም።

በዚያው ትምህርት ቤት ግን ሌላ ዐይን ነበረ። ርእሰ መምህሩ ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ነበሩ። እኚህ ሰው የልጁን ነገር በሌላ መንገድ አዩት። ማንጎራጎሩን እንደ ጥፋት አልቆጠሩትም፤ እንዲያውም አበረታቱት፣ አዲስ አበባ ሄዶ በሙዚቃው እንዲገፋበት መከሩት። በኋላም የሀገር ፍቅር ቴአትር ከያኒያን ለዝግጅት ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጡ፣ ልጁ እነ ንጋቷ ከልካይንና እነ ኢዩኤል ዮሐንስን አግኝቶ አነጋገረ። የርእሰ መምህሩ ምክር ልቡ ውስጥ ጠነከረ።

ከዚያ ያደረገውን ታውቁታላችሁ። አያቱን ሳያስፈቅድ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ከወሊሶ አዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አያቱ ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ደረሱበትና መለሱት። ልጁ ግን አልተመለሰም፤ ገላው ነው የተመለሰው። ብዙ ሳይቆይ እንደገና ጠፋ፣ አሁን ግን የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ። አዲስ አበባ ገብቶ ሀገር ፍቅር ተቀጠረ፣ ቀጥሎም ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መናገር አያስፈልገኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር አለቀሰ፤ በመንግሥት ሥርዓት ተቀበረ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ሚስተር ሸዳድ የሰው አገር ሰው ነበሩ። ልክ እንደ እኛ ከአገራቸው ወጥተው፣ በሰው አገር፣ የሰው ልጅ ይዘው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ዘመድ ያላየውን እንግዳ አየው። አንዳንድ ጊዜ እንግዳ የሚያየው ስለማይቸኩል ነው። ዘመድ ልጁ ነገ ምን ሆኖ እንደሚጦረው ያስባል። እንግዳው ግን ልጁን ዛሬ ባለበት ያየዋል።

እሳቸውም ብቻቸውን አይደሉም። የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሥራ አምስት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ያሉ አስተማሪዎቹ እጁ ላይ ያለውን አዩና ወደ ሥነ ጥበብ መንገዱን አሳዩት። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው ያንን ግዙፍ ባለቀለም መስታወት ሲያይ የእነዚያን አስተማሪዎችም ዐይን እያየ ነው። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄም እንዲሁ ምህንድስና ተማር ተብሎ ነው ዌልስ የተላከው። የገባበት ትምህርት ቤት ግን ከሒሳቡና ከፊዚክሱ ጎን ሙዚቃም ያስተምር ስለነበር ተሰጥኦው እዚያ ታየለት፤ ኢትዮ ጃዝን ያገኘነው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ትምህርት ቤቱ ለሙዚቃ ቦታ ባይሰጥ ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። ማየት ዐይን ብቻ ሳይሆን ቦታም ይፈልጋል።

አስተማሪና ደላላ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። ሚስተር ሸዳድ ያደረጉት ትክክል ነበር ወይ?

«እንዴ! ልጁ ጥላሁን ገሠሠን ሆነ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ትክክል ያልሆነ ነገር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ይህ መልስ አያረካኝም። ውጤቱን እኛ ዛሬ ስለምናውቀው ነው። ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ልጁ ቱሉ ቦሎ ላይ ቢታመምስ? ከጭነት መኪናው ላይ ቢወድቅስ? አዲስ አበባ ደርሶ በረንዳ አዳሪ ሆኖ ቢቀርስ? ያኔ የሰውዬውን ስም የምናነሣው ልጅ እንዳሳተ ሰው ነበር። ያው ሰው፣ ያው ምክር፣ ያው ቀን ሆኖ ሳለ፣ በመንገድ ላይ ባጋጠመ ነገር አንድ ጊዜ ደግ አንድ ጊዜ ክፉ ሊባል ይገባዋል? አይገባውም። የሥራውን ትክክልነት መመዘን ያለብን በተሠራበት ሰዓት በነበረው ነገር ነው።

ይህን ነገር እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። «ሂጂ፣ ይሳካልሻል» የሚለውን ቃል ሰምተን የወጣን ሰዎች ነን። አንዳንዶቻችን በአውሮፕላን በኮንትራት መጣን። አንዳንዶቻችን በቦሳሶ ወይም በጅቡቲ ባሕሩን አቋርጠን፣ በየመን በረሃ አድርገን ደረስን። አብረውን ተነሥተው ያልደረሱ አሉ። ደላላውም እኮ ያለው «ሂጂ» ነው! ርእሰ መምህሩም ያሉት «ሂድ» ነው። የተሳካላትን እያየን ደላላውን «ባለውለታዬ» እንበለው? አንልም። ታዲያ የሁለቱ «ሂድ» ልዩነት ምን ላይ ነው?

እኔ አስቤ አስቤ ሦስት መለያ አገኘሁ።

አንደኛ፣ ከመናገሩ በፊት ልጁን አይቶታል ወይ? ደላላው ለሁሉም የሚናገረው አንድ ቃል ነው። ጎበዝም ሁኚ ደካማ፣ ጤነኛም ሁኚ ሕመምተኛ፣ «ሂጂ» ነው። ስምሽን እንኳ የሚጠይቀው ለፓስፖርቱ ነው። አስተማሪ ግን «ሂድ» የሚለው ለዚያ ልጅ፣ በዚያ ልጅ ላይ ባየው ነገር ነው። ለጎኑ ላለው ልጅ ሌላ ይላል።

ሁለተኛ፣ ልጁ በመሄዱ የሚያገኘው ጥቅም አለ ወይ? ደላላው በነፍስ ወከፍ ይቆጥራል። ሚስተር ሸዳድ ከጥላሁን መሄድ ያገኙት ነገር ቢኖር አንድ ተማሪ ማጣት ነው።

ሦስተኛ፣ ቃሉን በሌላ ሰው ፊት ሊናገረው ይችላል ወይ? ደላላ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ይላል። እውነተኛ አስተማሪ ያየውን ነገር በአሳዳጊው ፊት፣ በሚያውቁ ሰዎች ፊት መናገር ይችላል። ወሊሶ ላይ ይህ በግማሽ ተሟልቷል። ልጁ ሙያውን ከሚያውቁ ከሀገር ፍቅር ሰዎች ጋር ተነጋግሯል፤ የአንድ ሰው ምኞት ብቻ አልነበረም። በሚነገረው ታሪክ ውስጥ የምናጣው ግን ርእሰ መምህሩና አያትየው አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው «ይህ ልጅ እንዴት ይሁን?» ያሉበትን ቀን ነው። ያ ቀን ቢኖር ኖሮ ምናልባት ልጁ በእግሩ አይሄድም ነበር። አያትየውም ቱሉ ቦሎ ድረስ የሚሄዱት ልጁን ሊመልሱ ሳይሆን ስንቅ ይዘው ሊሸኙት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ርእሰ መምህሩ ማየታቸውም መናገራቸውም ትክክል ነበር፤ ልጁ ባይሳካለትም ትክክል ነበር። አያትየውም መጨነቃቸው ትክክል ነበር። ጉድለቱ ያለው በሁለቱ መካከል ባልተደረገው ንግግር ላይ ነው። ልጅ ሁለት የሚወዱት ሰዎች ተቃራኒ ነገር ሲነግሩት መሸሽ ይመርጣል። እኛ ግን ከጥላሁን ታሪክ «ሽሽ፣ ይሳካልሃል» የሚል ትምህርት አንውሰድ። በመንገድ የቀሩትን የምናውቅ ሰዎች ይህን ልንል አንችልም።

የሰኞው ልጅ

ይህ ነገር ለታላላቅ ሰዎች ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። የእህታችን ስምና የቦታው ስም ይቅር፤ ታሪኩን ግን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ልጇ ወሎ ውስጥ እናቷ ዘንድ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ከክፍሉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ይወጣል። ግን በየጊዜው «ልጅሽ ረባሽ ሆኗል፣ ተማታ፣ ወላጅ አምጣ ተባለ» የሚል ስልክ ይመጣባታል። የአያቱን ራዲዮ ፈትቶ በትኖታል። የባትሪ ድንጋይ ከሽቦ ጋር አያይዞ አምፖል ሊያበራ ሲሞክር ምንጣፍ አቃጥሏል። እሷ እዚህ ሆና ታለቅሳለች። «ጥጋብ ነው፣ ብሩን ስለምልክ ነው» ትላለች። አያቱም «ግረፉልኝ» ብለው ለአስተማሪው ፈቅደዋል።

አዲስ የመጣ አንድ አስተማሪ ግን ከመግረፉ በፊት አንድ ነገር አደረገ። ልጁ የተጣላባቸውን ቀናት ደብተር ላይ መጻፍ ጀመረ። ሌላ ምንም አላደረገም፤ ቀኑን ብቻ ጻፈ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲያየው ጠቡ በአብዛኛው ሰኞ ሰኞ ሆኖ አገኘው። ግን ሁሉም ሰኞ አይደለም። አንዳንድ ሰኞ ልጁ እንደ በግ ዝም ብሎ ይማራል፣ እንዲያውም ሰው ይረዳል። ይህ ለአስተማሪው እንግዳ ሆነበት። ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ምን አጠፋህ?» ሳይሆን «ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጥቶ «እናቴ ጁምዓ አልደወለችም» አለው።

ነገሩ ይኸው ነበር። እናቱ የምትደውለው ጁምዓ ነው። የምትሠራበት ቤት እንግዳ ሲበዛ ወይም መዳም ስልኩን ስትይዝባት አትደውልም። ልጁ ጁምዓን ስልኩ ጎን ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ይጠብቃል፤ እሑድ ተስፋ ይቆርጣል። ሰኞ አንድ ሰው «እናትህ ጥላህ ሄዳለች» ያለው እንደሆነ ይማታል። ጥጋብ አልነበረም።

አስተማሪው ሁለት ነገር አደረገ። በመጀመሪያ ለአያትየው ነገራቸው፣ እሳቸውም በስልክ ለእናቱ። እናቱ አሁን መደወል ባትችል እንኳ እዚህ ያለች ጓደኛዋ በእሷ ፈንታ በድምፅ «እናትህ ደኅና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» የሚል መልእክት ትልክለታለች። ሁለተኛ፣ ልጁ ጥያቄውን ጨርሶ ሥራ ሲፈታ ሦስት ደካማ ልጆችን ሒሳብ እንዲያስጠና ሰጠው። የድሮ የኔታና የድሮ ሸኽ ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። ልጁ መልአክ አልሆነም፤ አሁንም ራዲዮ ይፈታል። ግን አሁን ከመፍታቱ በፊት አያቱን ያስፈቅዳል ይባላል። እኛም ሰምተን ሳቅን።

ምን ያህል ዋጋ እንደጠየቀ ተመልከቱ። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ። ያ አስተማሪ ከሌሎቹ የሚለየው ገና ስላላወቀ አለመፍረዱ ነው።

ይሉኛል፣ ሲሉኝ

ይህን ለሰው ስነግር ሁለት ተቃውሞ ሰማሁ። አንደኛው «አንድ ረባሽ ሲባበል የስልሳው ልጅ ትምህርት ይበደላል» የሚል ነው። እውነት ነው። የተመታው ልጅም ልጅ ነው፤ እሱም እናት አለው። ማየት ማለት ዝም ብሎ መተው አይደለም። ያ አስተማሪ ልጁን የተማታውን ይቅርታ አስጠይቆታል። ቅጣት በቦታው ይኑር። እኔ የምለው፣ ቅጣት ካየን በኋላ ይምጣ፣ በማየት ፈንታ አይምጣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንዲህ ከተባለ እናት ሁሉ ረባሽ ልጇን ሊቅ ነው ልትል ነው» የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው፣ በተለይ እኛ ሩቅ ያለን እናቶች ናፍቆት ያሳውረናል። የማይማር ልጅን «ተሰጥኦ አለው» እያልን ጫማና ስልክ ብንልክለት እናበላሸዋለን። ማየት ማለት መልካሙን ብቻ ማየት አይደለም። አራተኛውንም ልጅ፣ ባለጌውን፣ እንደ ባለጌነቱ ማየት ነው። ስለ አንድ ልጅ የሚነገር ውዳሴም ሆነ ወቀሳ ከማየት ካልመጣ ሁለቱም ውሸት ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

እዚህ በሰው ቤት ስንሠራ ብዙ ነገር እናያለን። የቤቱ ልጅ እናቱ ፊት ዝም ብሎ ማእድ ቤት ሲገባ የሚያወራውን፣ ማታ ማታ የሚያለቅሰውን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን የሚወረውረውን እኛ ነን የምናየው። ለመዳም መናገር ግን ያስፈራል። «አንቺ ማን ነሽ ስለ ልጄ የምታወሪው?» ልትባይ ትችያለሽ። ከሥራም ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ላይ ማንንም ግድ ተናገሪ አልልም፤ የራሷን ቤት የምታውቀው ራሷ ናት። የምመክረው አንድ ነገር ነው። የምትናገሪ ከሆነ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፣ ፍርድ አትጨምሪበት። «ልጅሽ አዝኗል» ወይም «ልጅሽ ባለጌ ነው» አትበዪ። «መዳም፣ ዛሬ ምሳውን አልበላም፤ ትናንትም አልበላም» በዪ። ቀሪውን እናት ራሷ ትጨርሰዋለች። እውነት የሆነ፣ የታየ ነገር በትሕትና ሲነገር የሚያስቆጣው ጥቂት ሰው ነው።

ለአገር ቤቶቹ ልጆቻችን ደግሞ አስተማሪ ሆነን ከጎናቸው መቀመጥ አንችልም። ይህ የእኛ ሐዘን ነው፣ አልሸፍነውም። ዐይናችን እዚያ አይደርስም። ጥያቄያችን ግን ይደርሳል። አብዛኞቻችን ስንደውል የምንጠይቀው «ይማራል ወይ? ስንተኛ ወጣ? አያስቸግርም ወይ?» ነው። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አንድ ቃል ብቻ ነው። ልጁን አያሳዩንም። እስቲ በሚቀጥለው ጁምዓ ጥያቄውን እንለውጠው። አያቱን «የሚረብሸው መቼ መቼ ነው? ከምን በኋላ ነው?» እንበል። ልጁን ራሱን «ዛሬ ምን ሠራህ? እንዴት ሠራኸው?» እንበለው። ራዲዮውን ስለመፍታቱ ከመቆጣት በፊት «ውስጡ ምን አገኘህ?» እንበለው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ራዲዮው ዋጋ እንቆጣው። የአስተማሪውንም ስልክ ከአያቱ እንቀበልና በዓመት አንድ ሁለቴ እንደውልለት። «ልጄን እንዴት አየኸው?» የሚል ጥያቄ ከሩቅ አገር ሲመጣለት፣ ሰባ ልጅ የሚያስተምር የደከመ ሰውም ቢሆን፣ በማግሥቱ ያንን ልጅ አንዴ ቀና ብሎ ያየዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ትምህርት ቤት ሳለን «ምላሷ ረጅም ነው፣ አርፋ አትቀመጥም» የተባልን? ያ ምላስ ዛሬ በጥቂት ወር ዐረብኛ ለምዶ ከሰው ተግባብቶ የሚያሳድረን ምላስ ነው። ያ አርፎ አለመቀመጥ ዛሬ አንድ ትልቅ ቤት ብቻችንን እንድናስተዳድር ያደረገን ነው። የኛን ያየልን ካልነበረ፣ ቢያንስ የልጆቻችንን ለማየት ለምን አንሆንም? ያልታየ ሰው ሌላውን ማየት አይችልም ያለ ማን ነው? እንዲያውም አለመታየት ምን እንደሆነ የምናውቅ እኛ ነን።

ሚስተር ሸዳድ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ሐውልትም የላቸውም። የሰሙት ግን የአንድ ልጅ ማንጎራጎር ነበር፤ ሌላው ሰው ጫጫታ ያለውን እሳቸው ቆም ብለው አዳመጡት። በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ አስተማሪ ካለ፣ ልጃችሁን ያየላችሁ ሰው ካለ፣ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። መጻፍ የማትችሉ ንገሩንና እኛ እንጽፍላችኋለን።

እስከዚያው ልጆቻችንን ክፉ አይንካብን። ለእኛም በሰላም ሠርተን፣ በሰላም አገራችን ገብተን፣ በገዛ ዐይናችን እንድናያቸው ያብቃን።

እህታችሁ፣ ከዑተይቢያ